አባቴ የቀጠለው ሽቦ

ሦስት የመኪና ኤሌክትሪሻን ያቃተውን እኔ አገኘሁት። ይህን መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ መሃል ላይ ቢሆን ሰው አልፎት ይሄዳል። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ጉራ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሰው ደም ሥር ስፈልግ የኖርኩ ነርስ ነኝ፤ አንድ ቀን የመኪና ሽቦ አግኝቼ ብኮራ ማን ምን አገባው?

መኪናዋ የአባቴ ናት። ድሮ ነጭ ነበረች፤ አሁን የእርጎ ቀለም ይዛለች። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያላት፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ረዘም ያለች የቤት መኪና ናት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። እኔ የተዳርኩት በእሷ ነው። እናቴ ለቀዶ ሕክምና የሄደችውም፣ ድና የተመለሰችውም በእሷ ነው። ወንድሜ መንዳት የተማረው በእሷ ነው፤ የግራ በሯ ላይ ያለው ጭረት የእሱ መታሰቢያ ነው። ዛሬ እሱ ሲ.ኤም.ሲ. ይኖራል፤ እንደ ስልክ ቻርጅ የምትደረግ መኪና ይነዳል፤ የአባቴ መኪና ወሬ በተነሳ ቁጥርም እስካሁን አልሸጣችኋትም ወይ እያለ ያሾፋል።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከላምበረት ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በዚያ መንገድ አውቶቡስ ገደል አፋፍ ላይ ቢቆም መካኒክ ከየት ይመጣል? ሹፌሩ እጅጌውን ሰብስቦ ኮፈን ይከፍታል እንጂ። ልማዱን ከዚያ ይዞት መጣ፤ የቤታችንን መኪና ከእሱ በቀር ሌላ እጅ ነክቷት አያውቅም ነበር። በየዓመቱ ቦሎ ለማሳደስ ምርመራ ሲወስዳት፣ መርማሪው ሊብሬው ላይ ዕድሜዋን አይቶ ይገረምና ማን እንደሚሠራለት ይጠይቀዋል። አባቴም «እኔው ነኝ» ይላል። ይህችን ሁለት ቃል ለመናገር ሲል ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ የጀመረው ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። እሑድ እሑድ አባቴና እናቴ ከየካ ቤታቸው ተነስተው እንጦጦ ይወጣሉ፤ ያስቀድሳሉ፣ እናቴ ጸበሏን ትቀዳለች፣ ከዚያ ይመለሳሉ። አንድ እሑድ ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አባቴ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ይሉ ጀመር። የረገጠው ፍሬን ነው፤ የቀኝ ፍሬቻ ግን አብሮ ይበራል። ጥቂት ኩርባ እንዳለፉ ፊውዝ ተቃጠለና የኋላ መብራት በሙሉ ድርግም አለ። አባቴ ፊውዙን ቀየረ፤ ሰኞም አቃጠለች። ረቡዕ ላይ ግን ምንም እንዳልነካት ሁሉም መብራት ቦግ ብሎ ይሠራል። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ያው ሆነ፤ ከዚያ በኋላም እሑድ በመጣ ቁጥር ያው።

አባቴ ወር ሙሉ ታገላት። የፊውዝ ሳጥኑን ፈታ፣ አምፖሎቹን ከውጭ በኩል ቀየረ፣ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ አውጥቶ ጠረገ። አልሆነም። ከዚያ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን ሰው ዘንድ ወሰዳት። የመጀመሪያው ኤሌክትሪሻን እንዳይቃጠል ብሎ ወፍራም ፊውዝ ገጥሞ ላከው፤ እሳት ሳያስነሳ አባቴ ራሱ አውጥቶ ጣለው። ሁለተኛው የባትሪ ችግር ነው አለና አዲስ ባትሪ አስገዛው። ሦስተኛው ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ወጣት ነበር፤ እሱ እንኳ ደህና ጥያቄ ጠየቀ። የኋላው ሽቦ ከዚህ በፊት ተቆርጦ ያውቃል ወይ አለው።

አባቴ ውሸት አይችልበትም። ከብዙ ዓመት በፊት መገናኛ ላይ አንድ ሚኒባስ ከኋላ ገጭቷት የቀኙ መብራት ሽቦዎች እንደተበጠሱ፣ እሱም በእጁ እንደቀጠላቸው ነገረው። ወጣቱ የመብራቱን ሽፋን ሳይከፍት ፈረደ።

«ጋሼ፣ እሱ ነዋ ችግሩ። በእጅ የተቀጠለ ሽቦ የእንጦጦን መንገጫገጭ አይችልም። ሙሉው ይቀየር እንዳልልዎ ደግሞ ለእሷ አያዋጣም። ይሽጧት።»

ለምን ሳይከፍት? እዚህ ላይ የእናቴን ጀሪካን ማስተዋወቅ አለብኝ። ትንሽዬ ቢጫ ጀሪካን ናት። ክዳኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ እናቴ አፏን በፌስታል ሸፍና በክር ታስረዋለች። እሑድ የቀዳችው ጸበል ከመኪናዋ አይወርድም፤ መኪናዋንም እኛንም ይጠብቃል ትላለች። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቶች ብርጭቆ ይዘው እየመጡ በባዶ ሆዳቸው ይጠጣሉ፤ እስከ ረቡዕ ድረስ ከግማሽ በታች ይሆናል። ጀሪካኗ ደግሞ ወለሉ ላይ አትቀመጥም። ወለሉ ላይ ጫማ አለ፣ የሽንኩርት ከረጢት አለ፣ ትርፍ ጎማ አለ፤ ጸበል እግር የደረሰበት አይቀመጥም። ስለዚህ ከቀኙ የኋላ ጎማ በላይ ያለው ከፍታ ላይ፣ ልክ የመብራቱን ጀርባ የሚሸፍነውን ፕላስቲክ ተደግፋ ትቆማለች። እህል የቀመሰ እጅ አይነካትም። እናም ሦስቱም ኤሌክትሪሻኖች የኋላ በሩን ሲከፍቱ አባቴ «ጸበል ነው» ይላቸዋል፣ እነሱም ምሳ በልተዋልና አማትበው ወደ ኋላ ይላሉ። ሦስተኛው እንዲያውም ይቅርታ ጠይቆ ነው በሩን የዘጋው። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ሰምቼ ሳልስቅም ሳልናደድም ቀረሁ። በምን አፌ እስቃለሁ? እኔም ብሆን አልነካትም ነበር።

እናቴ ደግሞ መብራቱ በጠፋ ቁጥር ጀሪካኗን አብዝታ እስከ አፏ ትሞላት ጀመር።

ከሦስተኛው ኤሌክትሪሻን በኋላ በአንድ ማክሰኞ ልጠይቃቸው ስሄድ አባቴ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል። ሁለቱንም እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። ታሞ ይሆናል ብዬ ደነገጥኩና የደም ግፊቱን ለካሁት፤ ደህና ነው። ምን ሆነሃል አልኩት።

«እጄ ከድቶኛል» አለኝ። «ቅጥያዬ ይዟል ብዬ ስንቱን ዓመት አምኜ ነዳሁ። በዚሁ እጅ እኮ ነው የአውቶቡሱን ፍሬን ስሠራ የኖርኩት። ስልሳ ሰው ጭኜ።»

አባቴ በእርጅናው ወደ ኋላ ተመልሶ በዚያ ገደል ሁሉ የጫናቸውን ሰዎች እየቆጠረ፣ አንድ በአንድ ሲደነግጥላቸው ነበር የሰነበተው። ደግሞም የሽያጩን ነገር ጨርሶታል፤ መኪናዋን ፈትቶ ዕቃዋን የሚሸጥ ነጋዴ አነጋግሮ፣ በሚመጣው ማክሰኞ መጥቶ ይውሰዳት ብሎታል። ቦሎዋ ሊያልፍ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ምርመራ አልወስዳትም፣ ሰው ፊት አላሳፍራትም አለኝ። እንግዲህ የሚያሳፍራት እሱ፣ የምታፍረው እሷ መሆኗ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ነጋዴው መኪናዋን ከወሰዳት አባቴ እጁ ከድቶት መሞቱ ነው፤ ይህን እሷም እኔም አውቀናል።

እኔ ስናደድ ድምፄ አይጮኽም፤ ይቀንሳል። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ስለሚያውቁ ዝግ ብዬ ሳወራ ይሸሻሉ። የተናደድኩት በሦስተኛው፣ በባለእርሳሱ ልጅ ነው። እኔ በሽተኛ መጥቶ ሆዴን ሲለኝ፣ መቼ ጀመረህ፣ ምን በልተህ፣ በስንት ሰዓት ይብስብሃል ሳልል አንድ ክኒን ብሰጥ ፈቃዴን ይቀሙኛል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ አይደል የሚባለው? መኪና ስለሆነች ነው ሳትጠየቅ የሚፈረድባት?

አባቴን በሽተኛ አድርጌ አስቀመጥኩትና የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ታሪኳን ጻፍኩ። መቼ ጀመረ? ከመስቀል በኋላ። መቼ ይብሳል? እሑድና ሰኞ። መቼ ይሻላታል? ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሲወጡ ነው ሲወርዱ? ሲወርዱ፤ ሲወጡ አንድም ቀን ታማ አታውቅም። አባቴ መንገጫገጩ ነው ቅጥያውን የሚያላላው አለ። እሺ፣ እንየው አልኩት። በነጋታው ረቡዕ ነበርና ከሥራ አስፈቅጄ አብረን እንጦጦ ወጣን። ሲወርድ ኩርባው ላይ ሁሉ ፍሬን እንዲረግጥ፣ ጉድጓዱንም እንዳይምር ነገርኩት። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ዳር ይዘው እየተገረሙ አሳለፉን። ገና የካ ሳንደርስ ወገቤ ተቆረጠ፤ መብራቱ ግን አንዲት ጊዜ እንኳ አልተዛነፈም።

አባቴ ታሾፍብኛለች አለ፤ መኪናዋን ማለቱ ነው። እኔ ግን ልቤ ደስ ብሎታል። መንገዱ ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው፣ ቅጥያውም ያው ነው። ቅጥያው ቢሆን ረቡዕም ያማት ነበር። ስለዚህ እሑድ ኖሮ ረቡዕ የማይኖር ነገር አለ ማለት ነው። እሑድ ያለችው ረቡዕ የሌለችው እናቴ ናት፤ ከኋላ ነው የምትቀመጠው፣ ክብደቷም እንዲያው ቀላል የሚባል አይደለም። ይህን ሳላስብ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። እናቴ እስከ እራት ድረስ አላናገረችኝም።

እሑድ ሳልበላ ሳልጠጣ አብሬያቸው ወጣሁ። ስንመለስ እናቴን ከፊት አስቀመጥኳትና እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዞሬ ተንበረከክሁ፤ ወንበሩን አቅፌ የዕቃውን ቦታ አያለሁ። እናቴ ልጄ አበደች ብላ አማተበች። መውረድ ጀመርን። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጀሪካኗ ጎንበስ አለችና ቀና አለች። ሁለተኛው ላይ ውሃው እስከ አፏ ተናጠ፣ ፌስታሉን አነሳው፣ በክሩ ሥር አንድ ጉንጭ የሚያህል ወጣ፤ በጎኗ ተንሸራቶ በፕላስቲኩ ሽፋንና በብረቱ መሃል ባለችው ክፍተት ገባና ጠፋ። እዚያው አፍጥጬ ቀረሁ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ እንደገና። አራተኛው ላይ አባቴ ፍሬን ረገጠና «ይኸው! ጀመራት» አለ። ዞር ስል ዳሽቦርዱ ብልጭ ብሏል።

አልተናገርኩም። ሃያ ዓመት ነርስ ስሆን ከተማርኩት አንዱ፣ ውጤቱን በእጅ ሳይይዙ ለቤተሰብ አለመንገር ነው። ግቢ ስንደርስ እናቴን በጣም በአክብሮት ጀሪካኗን ከመኪናዋ እንድታወርድልኝ ለመንኳት። በነዚያ ሳምንታት ሁሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ገረማት እንጂ እምቢ አላለችም፤ በነጠላዋ ታቅፋ ወደ ቤት አስገባቻት። እኔ ካቻቢቴ ይዤ ሽፋኑን መፍታት ጀመርኩ። አባቴ ሥራው የሱ እንዳልሆነ ሁሉ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። እጁን እንደማያምነው፣ እኔው እንድፈታው ነገረኝ።

አራት ብሎን ነው። ሽፋኑ ሲወጣ ውሃ አብሮ ፈሰሰ። ከመብራቱ የሚመጣው የኔጌቲቭ ሽቦ ቦዲው ላይ የሚታሰርበት ብሎን ዝገት በልቶት እንደ በሰበሰ ጥርስ ቡናማ ሆኗል፤ የመብራቱ መሰኪያም ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በረጠበ ቁጥር ኤሌክትሪኩ በውሃው አልፎ ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ለዚህ ነው ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻ የሚበራው። ረቡዕ ሲደርቅ ደግሞ ይሻላታል። ይህ ሁሉ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። በዚያች ሰዓት ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ከዝገቱ ከአራት ጣት በማይበልጥ ርቀት ላይ፣ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጥምጥሙ አንድም ቦታ አልተላቀቀም።

አባቴን ጠራሁት። «አባዬ፣ ና፣ ይህን አንተ ፍታው» አልኩት።

እምቢ አለ። እንደገና ጠራሁት፤ ድምፄን ዝግ አድርጌ። መጣ። መነጽሩን አደረገና ናስትሮውን በጥፍሩ ፈልጎ ጫፉን አገኘው፣ ቀስ ብሎ ፈታው። ሦስት ሽቦ፣ ሦስት ቅጥያ። እያንዳንዱ ተጠምዝዞ በቀለጠ እርሳስ ተበይዷል፣ ለየብቻው ተጠቅልሏል። ደረቅ ነው። ብረቱ አዲስ ሳንቲም ይመስላል። አባቴ የመጀመሪያውን ይዞ ሳብ አደረገው፣ ሁለተኛውን ሳበው፣ ሦስተኛውን ጠንከር አድርጎ ሳበው። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ እንጦጦ፣ ከስንት ወር ወዲህ ደግሞ ከራስጌው የሚወርድ ውሃ፣ ምንም አላደረገውም። አባቴ ቅጥያውን እንደያዘ ቆየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ የተጨናበሰው መነጽሩ አልነበረም። እኔ አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላየሁም ብያለሁ።

ሥራው ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። ብሎኑን ፈታሁ፣ ቦዲውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈግሁ፣ መሰኪያውን ቀየርኩ፣ የኔጌቲቩን ሽቦ ጫፍ ቆርጬ አዲስ አደረግሁለት። አባቴ የስልኩን መብራት ይዞልኝ ጎንበስ ብሎ ቆመ። አንዴ ብቻ አረመኝ፤ ግሪሱ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ነው የሚቀባው አለኝ። ካቻቢቴውን ልስጠው ብል አልተቀበለኝም፤ ጀምረሻል ጨርሺው አለ። ናስትሮውን ግን ራሱ ነው መልሶ የጠቀለለው። ለእሱ ማንንም አላስጠጋም።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉ ይከብድ ነበር፤ ለእናቴ መንገር። አባቴ ተይው፣ ምን ያደርጋል፣ ክር ጠበቅ አድርገን እናስራለን አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ገባሁ፤ ገብቼም እንደ ልማዴ ነገሩን ሳላለሳልስ ዘረገፍኩት። ጀሪካኗ ነበረች፣ እስከ አፏ በሞላሻት ቁጥር ነው መኪናዋ የምትታመመው አልኳት። እናቴ ጀሪካኗን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። የተቀየመችኝ መሰለኝ።

«ታዲያ ጸበሉ ምን አጠፋ?» አለች። «ክዳን የሌለው ጀሪካን ነው ያጠፋው። ክዳን አምጡልኝ ስል ስንት ጊዜዬ ነው? የሚሰማኝ ባጣ አይደል በፌስታል የማስረው?»

እውነቷን ነው፤ ክዳን ጠይቃናለች፣ ረስተናል። አባቴ ዱካው ላይ ተቀምጦ ከልቡ ሳቀ፤ ከመስቀል ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠባብ የእንጨት ሣጥን ሠርቶ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ፣ በመሃል፣ ከወለሉ ከፍ አድርጎ ገጠመላት። እኔም ሾላ ገበያ ወርጄ የሚጠብቅ ክዳን ያለው ጀሪካን ገዛሁ። ለነጋዴው አባቴ ራሱ ደወለና አትምጣ አለው፤ ምክንያቱን አልነገረውም።

ሰኞ ጠዋት ምርመራ ወሰዳት፤ እኔም ሥራ የምገባው ከሰዓት ነበርና ሄድኩ። አጥቧት፣ ጎማዋን ሳይቀር አጥቁሮት ነበር። ከፊታችን አዳዲሶቹ ተሰልፈዋል። ተራችን ሲደርስ መርማሪው ከኋላ ቆሞ አዘዘ፤ ፍሬን፣ ቀኝ ፍሬቻ፣ ግራ ፍሬቻ፣ የኋላ ማርሽ። አባቴ እያንዳንዱን ሲነካ እኔ ከጎኑ ሆኜ ዳሽቦርዱ ላይ አፍጥጫለሁ። ፍሬን ሲረግጥ ዳሽቦርዱ ጭጭ አለ። መርማሪው ወደ መስኮቱ መጣ፣ ሊብሬውን ገለጠ፣ ዓመተ ምሕረቷን አየ፣ እንደገና መኪናዋን አየ። ከዚያ ያው የየዓመቱ ጥያቄ መጣ። የመብራት ሥራዋ እንደዚህ ጥንቅቅ ያለ አሮጌ መኪና አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ ማን እንደሚሠራልን ጠየቀ።

አባቴ አፉን ከፈተ። «እኔው ነኝ» ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢልም ደስ ይለኝ ነበር፤ ይገባዋል። አላለም። ወደ እኔ ዞረና አየኝ።

«ልጄ ናት» አለ።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየኝ። እኔም እንዲታይልኝ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፤ ለምን እደብቀዋለሁ? ወረቀቱን ፈርሞ ሰጠን። አባቴ ማርሽ አስገባ፣ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ፍሬን ያዘ። መስኮቱን እስከ ታች አውርዶ ራሱን አወጣና መርማሪውን መልሶ ጠራው።

«የውስጡ ቅጥያ ግን የኔ ነው» አለው። «እስካሁን አልላላም።»